ጎልማሳ ተማሪ

ዕውቀትን መሻት መልካም እንደ ሆነ የሚክድ የለም። ነገር ግን መልካም የሆነው ሁሉ በየጊዜውና በየሰዉ ዘንድ መልካም ነውን ተብሎ ቢጠየቅ፥ መልሱ እንዲህ የቀለለ አይሆንም። ትዳር የያዘ፥ ልጆች የወለደ፥ በመሥሪያ ቤት ሥራ የሚተዳደር ሰው በ43 ዓመቱ ደብተር ይዞ ልጆቹን ከሚያህሉ ወጣቶች ጋር ሊማር ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በሸዋ ሮቢት የሚኖር አንድ ሰው አመጣብኝ፤ በፈቃዱም እጽፈዋለሁ።

ይህ ሰው በልጅነቱ ዲያቆን ነበረ፤ ከአባቱም እግር ሥር ተቀምጦ ባሕረ ሐሳብን ተምሯል። ኋላ በሒሳብ መዝገብ ሥራ ዲፕሎማ አግኝቶ ሃያ ዓመት ያህል ሠራ። የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በተዛወረ ጊዜ ግን፥ እርሱ ሳምንት ሙሉ የሚደክምበትን ድምር አንድ ወጣት ከቀትር በፊት ጨርሶ ሲነሣ አየ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኮምፒዩተር ሳይንስን ለመማር አሰበ። «አባቴ፥ ይህ ዕውቀትን መውደድ ነው ወይስ በልጅ መቅናት?» አለኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ፥ «ልጄ፥ ያንተ ዘመን አልፏል፤ ይልቅስ ልጆችህን አስተምር» አልኩት። መልሱ የአስተዋይ ሽማግሌ መልስ ይመስላል፤ ቆይቼ ስመረምረው ግን የስንፍና መልስ ሆኖ አገኘሁት። እርሱም ደግነቱ አልሰማኝም።

የይፋትን ቆላ የሚያውቅ አንባቢ ድካሙን ይገምታል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፥ ከፍታዋም 1,300 ሜትር የማይሞላ፥ ሽንኩርትና ማሾ፥ ማሽላና ጤፍ የሚበቅልባት የቀወት አገር ናት። የሚቀርበው ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የደብረ ብርሃን ነው፤ እርሱም 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ነው። ስለዚህ በሳምንቱ መጨረሻ ለመማር የሚወጣው ቆለኛ ዐርብ ከሰዓት በኋላ በስስ ሸሚዝ ተነሥቶ፥ ደብረ ሲናን አልፎ፥ ጣርማ በር ላይ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ባስቈፈሩት ዋሻ ተሻግሮ፥ ማታ በካፖርት ተጠቅልሎ ያድራል። በጸጥታው ምክንያት መንገዱ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት መድረሱን ማን ይዘነጋል? በቤቱ ተቀምጦ ይማር የሚል ቢኖር ሐሳቡ ከንቱ አይደለም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በኢንተርኔት የሚሰጥ ነውና ለመነሻ ይረዳል። እርሱ ግን የሚያርመው መምህር ፈለገ።

የጎልማሳ አእምሮ ትምህርት አይቀበልም ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት እርሱም እንዲሁ አምኖ ነበር። ኋላ ግን መምህሩ ቍጥርን አካፍሎ ትራፊውን ስለ መያዝ ባስተማረ ጊዜ የአባቱ ቤት ትዝ አለው። በ2018 ላይ 5,500 ቢጨመር 7,518 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ይሆናል። እንዲህ በታወቀ ቅደም ተከተል ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚሄድ ስሌት በዚያ ትምህርት አልጎሪዝም ይባላል፤ ስሙም የወጣው በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ ከነበረው ሊቅ ከአልኸዋሪዝሚ ነው። በዚህ ምክንያት አባቶቻችን ኮምፒዩተርን አስቀድመው ያውቁ ነበር እንድንል አልፈልግም፤ እንዲህ ያለው ትምክሕት ባሕረ ሐሳብንም ኮምፒዩተርንም አለማወቅ ነው። ነገር ግን በልጅነት በሚገባ የተማሩት ነገር ለሌላው ትምህርት መሰላል ሊሆን እንደሚችል በዚህ ሰው አይቻለሁ።

ይልቅስ የከበደው ሌላ ነው። መምህሩ በዕድሜ ታናሹ ነው፤ ስሕተቱንም በጉባኤ ፊት ያርምበታል። እዚህ ላይ የአባ አርሳንዮስን ነገር አነሣሁለት። የንጉሥ ቴዎዶስዮስን ልጆች ያስተማረ፥ የሮምንና የጽርዕን ዕውቀት የተሞላ ሰው ሲሆን፥ በግብጽ በረሓ አንድን ያልተማረ ገበሬ መነኵሴ ስለ ሐሳቡ ይጠይቅ ነበር፤ የዚያን ገበሬ ፊደል ገና እንዳላወቀ ተናግሮአልና። ሰውዬው ሰምቶ ዝም አለ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን ጥያቄውን ከወጣቶቹ በፊት እጁን አንሥቶ ጠየቀ።

ስለ ዕድሜና ስለ ውርደት ይህን ያህል ከተነጋገርን በኋላ፥ አስቀድሜ ልጠይቀው የሚገባኝን ጥያቄ ዘግይቼ ጠየቅሁት፤ «ባለቤትህስ ምን አለች?» ለካስ አልጠየቃትም፤ ነግሯት ብቻ ነበር። የሽንኩርቱ መሬት ውኃ የሚያገኘው በተራ ነው፤ ተራው ቅዳሜ ሌሊት በደረሰ ጊዜ አካፋ ይዘው የሚወጡት እርስዋና ትልቋ ልጃቸው ነበሩ። ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ቢማር ያስመሰግነዋል፤ ትሕትናው ግን በሌላ ሰው ጉልበት የተገዛ እንደ ሆነ ገና ዕዳ አለበት። መክሊቱን የሚያተርፍ ሰው የሌላውን መክሊት ቀብሮ ሊሆን አይገባውም፤ ያች ልጅ ሰኞ ዕለት በክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥላት ነበርና።

ተመልሶ ሚስቱን ጠየቃት። «ተማር፤ ነገር ግን ልጅቱ ሌሊት ውኃ ላይ አትውጣ» አለችው። እርሱም በየመንፈቀ ዓመቱ የሚወስደውን ትምህርት ቀነሰ፤ ውኃው ቅዳሜ በሚደርስበት ሳምንት ከቤቱ አይወጣም። በዚህ ምክንያት ጓደኞቹ ቀድመውት ይመረቃሉ። እንደ ተጸጸተ አልሰማሁም፤ እንዳልከፋው ግን አልናገርም።

በቅርቡ ከልጁ ጋር መጥቶ የባሕረ ሐሳብን ስሌት ለኮምፒዩተር በሚገባ ቋንቋ ጽፎ አሳየኝ። የ2018 ዓ.ም. ፋሲካን ሚያዝያ 4 ቀን ብሎ በትክክል አወጣ። የ2019ኙን ብጠይቀው መጋቢት 19 ቀን አለኝ። ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀን አስቀድሞ አይውልምና ሳልቆጥር ስሕተት መሆኑን ነገርኩት። ሁለቱም ጐንበስ ብለው መረመሩ፤ ቀድማ ያገኘችው ልጅቱ ናት። የዚያ ዓመት መጥቅዕ 7 ነው፤ ከ14 በታች የሆነ መጥቅዕ ደግሞ በጥቅምት እንጂ በመስከረም አይውልም። አባትየው ይህን አንድ መሥመር መጻፍ ረስቶ ነበር። ልጅቱ ጨመረችው፤ ኮምፒዩተሩም ሚያዝያ 24 ቀን አለ። እኔም በጣቴ ቆጥሬ እንዲሁ አገኘሁት።