አስቀድሞ ስለ መጠየቅ

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ተረት ለተማሪዎቼ ሳስተምር ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ፤ ትርጓሜውን የተማርሁት ግን በገዛ ጥፋቴ ነው።

በ1972 ዓ.ም. ቆሰበር አጠገብ ወጣት መምህር ሳለሁ፥ ከአንድ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን እህል ጐደለ የሚል ወሬ ሰማሁ። ለእውነት የቀናሁ መስሎኝ የመጋዘኑን ጠባቂ ስም ጠቅሼ ለአንድ ጋዜጣ ጻፍሁ፤ ታተመም። ሰውዬውን ግን አልጠየቅሁትም ነበር። ኋላ ሒሳቡ ሲመረመር፥ እህሉ በደረሰኝ ለሌላ ማኅበር የተሰጠ ሆኖ ተገኘ። ጋዜጣው በትንሽ ፊደል ስሕተቱን አረመ። ያ እትም ግን ወደ እኛ አገር አልደረሰም፤ ከእኔ ዘንድ ይማር የነበረው ልጁም ዓመቱን ሙሉ «የሌባ ልጅ» ሲባል ኖረ።

እንግዲህ ሕግ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን፥ አንድ ጋዜጣ ያለ ክፋትና ያለ ከባድ ቸልተኝነት የሰው ስም ቢያጐድፍ፥ ሲጠየቅም ወዲያው ቃሉን አንሥቶ ይቅርታ ቢያትም፥ ከኀላፊነት እንዲድን ይፈቅዳል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ደግሞ በጋዜጣና በራዲዮ የሚደረግ ስም ማጥፋት በወንጀል መከሰሱ ቀርቶ በፍትሐ ብሔር ብቻ እንዲታይ አደረገ። ይህ መልካም ነው፤ እስራትን የሚፈራ ብዕር እውነቱንም ይደብቃልና። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው። ካሣ ያስከፍላል እንጂ ያን ልጅ ከስድብ አያድነውም።

«እንግዲያውስ ዝም ይባል?» ትለኝ ይሆናል። አይደለም። እህሉ በእውነት ተሰርቆ ቢሆን ኖሮ፥ ዝምታዬ ገበሬውን በበደለ ነበር። ጋዜጠኛ መዝገቡን አይቶ፥ የተከሰሰውን ጠይቆ፥ መልሱንም ከክሱ ጐን ሊጽፍ ይገባዋል። ዛሬ ወሬ በስልክ ለሺህ ሰው በቅጽበት ይደርሳልና፥ ይህ ግዴታ የጋዜጠኛ ብቻ ሳይሆን ያንተም ነው።

ይቅርታ ልጠይቅ ወደ ጠባቂው በሄድሁ ጊዜ አልተቈጣኝም። «መምህር፥ ደጄ እኮ ቅርብ ነበረ» አለኝ።

ልጄ ሆይ፥ የሰው ስም ከመጻፍህ በፊት ያን ደጅ አንኳኳ።