ውሃ ሲወስድ የሰው ድርሻ ምንድን ነው?

ከጥንት ጀምሮ ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ሰው ከራሱ በሚበረታ ኃይል ተይዞ በሚሄድበት ጊዜ፣ ለሚደርስበትና ለሚያደርሰው ነገር ኃላፊው ማን ነው? የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በየመሥሪያ ቤቱና በየገበያው በፍልስፍና ስም አይጠራም፤ «ምን ላድርግ፣ ጊዜው ነው»፣ «ሁሉም እንዲህ ያደርጋል»፣ «ከላይ የመጣ ነው» በሚሉ አጫጭር ቃላት ይመላለሳል እንጂ። እኔ በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን የምመረምረው ሩቅ በሚመስል ምሳሌ ነው፤ እርሱም በሞቃት ባሕር ውስጥ፣ በኮራል ግንብ አጠገብ፣ በባሕር ጅረት እየተወሰዱ የሚጠልቁ ሰዎች ነገር ነው።

የናዝሬት ሰው ስለ ኮራል ምን አገባው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ናዝሬት፣ ሞጆ፣ መተሐራና ዝዋይ የተቀመጡበት ታላቁ የስምጥ ሸለቆ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲከተሉት አፋር ላይ ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ስምጥ ጋር ይገናኛል። ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን ወደ ደናክል ዝቅተኛ ስፍራ ገብቶ ስለ ነበረ፣ ከሸሸ በኋላ የቀሩ የኮራል ግንቦች ዛሬም በደረቅ ምድር ላይ ይታያሉ፤ ዕድሜያቸውም ከ100,000 ዓመት በላይ ነው። በአጠገባችን የሚያልፈው አዋሽም ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በዚያው በአፋር ምድር፣ በአቤ ሐይቅ ይቀራል እንጂ ባሕር አይደርስም። ስለ አዋሽ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሰው በባሕር ውስጥ እንደ ልቡ ይንቀሳቀስ ዘንድ ያስቻለው መሣሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው። ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን፣ ጠላቂው በጀርባው ከተሸከመው የአየር ሲሊንደር ትንፋሹን በሚፈልገው መጠን የሚያገኝበትን መክፈቻ አበጁ። ከዚያ አስቀድሞ ሥራዬ ብሎ የሚጠልቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የብረት ቁር ደፍቶ፣ ከመርከብ በወረደ ቱቦ እንደ ታሰረ ከብት በአንድ ስፍራ የሚቆም ነበር። ከቱቦው ነፃ ከወጣ በኋላ ግን ጠላቂው ሌላ ጌታ አገኘ፤ እርሱም ጅረቱ ነው።

በባሕር ውስጥ ውሃው እንደ ወንዝ የሚጓዝበት ስፍራ ብዙ ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ፣ ራንጊሮዋ በምትባለው የኮራል ደሴት፣ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት በጨረቃና በፀሐይ ስበት ሲፈራረቅ፣ ውሃው ቲፑታ በተባለው ጠባብ በር ወደ ውስጠኛው ሐይቅ ይገባል፤ ተመልሶም ይወጣል። ጠላቂዎች ሙላቱ በሚገባበት ሰዓት ከበሩ ውጭ ከጀልባ ይወርዱና ውሃው ራሱ አሳልፎ ያስገባቸዋል። እንዲህ ባለው አጠላለቅ ወደ ተነሡበት መመለስ የለም፤ ጀልባው በላይ ሆኖ፣ ብዙውን ጊዜም መሪያቸው በገመድ የያዘውን ተንሳፋፊ ምልክት እያየ፣ ተከትሎ ከደረሱበት ያነሣቸዋል። ውሃውን ልቃወም የሚል ሰው ቢኖር ዕድሉ አጭር ነው። በሰዓት 2 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ ጅረት ላይ ፊቱን አዙሮ የሚዋኝ ጠላቂ በጥቂት ደቂቃ ይደክማል፤ አየሩንም ይጨርሳል።

ከእነዚህ ሰዎች ነገር እኔን ከሁሉ የበለጠ ያሳሰበኝ አደጋው አይደለም፤ ጸጥታው ነው። በጅረት የሚወሰድ ሰው መወሰዱን በገላው አያውቀውም። እርሱና ውሃው በአንድነት ስለሚሄዱ ፊቱን የሚገፋው ነገር የለም። የቆመ ይመስለዋል፤ የሚሄድ የሚመስለው የኮራሉ ግንብ ነው። አጠገቡ ያለው ጓደኛውም አብሮት ስለሚወሰድ፣ ጓደኛውን አይቶ መሄዱን ሊረዳ አይችልም። ይህን የሚነግረው ከመሬት የተተከለውና ከእነርሱ ጋር የማይሄደው ግንብ ብቻ ነው። አባቶቻችን «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ሲሉ ይህንኑ ሳይመለከቱ አልቀሩም። ራሱን ከባልደረቦቹ ጋር ብቻ የሚያስተያይ ሠራተኛም እንዲሁ ነው። ሁሉም በአንድ ፍጥነት ሲወርዱ ማንም የወረደ አይመስለውም፤ «እኔ ከማን አንሼ፣ ከማንስ በልጬ» እያለ በሰላም ይተኛል።

ታዲያ ጅረቱ መንገዱን ከወሰደበት፣ ለጠላቂው የቀረለት ምንድን ነው? ወዴት እንደሚሄድ ባይመርጥም ምን ያህል እንደሚጠልቅ ይመርጣል። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ በላያችን ያለውን አየር ያህል ክብደት ስለሚጨመር፣ በ30 ሜትር ላይ ያለ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚወስደው አየር በባሕሩ ፊት ላይ ካለው ሰው አራት እጥፍ ነው፤ ሲሊንደሩም በዚያው መጠን ቶሎ ይጎድላል። ከዚያ በታች ደግሞ ናይትሮጂን አእምሮን እንደ መጠጥ ያፈዝዛል። ወደ ታች የሚጎትት ጅረት ካለባቸው ጥቂት ስፍራዎች በቀር ማንም ውሃ ጠላቂን ይህን ያህል ውረድ ብሎ አያስገድደውም። እጁም የራሱ ነው። ኮራል ድንጋይ ይምሰል እንጂ የብዙ ጥቃቅን እንስሳት ማኅበር ነው፤ ክብ ድንጋይ የሚመስለው ዓይነት በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ያድጋል። ጅረቱ ያስደነገጠው ጠላቂ ጨብጦ የሚሰብረው አንድ ክንድ ኮራል የሃምሳ ዓመት ሥራ ነው። «ውሃው ገፋኝ» ቢል እውነት ነው፤ ጣቶቹን የጨበጠው ግን ውሃው አይደለም። ጓደኛውም ከእርሱ አደራ አይወጣም፤ ከጓደኛው የተለየ ጠላቂ አንድ ደቂቃ ያህል ፈልጎ ያጣው እንደ ሆነ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ እንዲያገኘው ልማዱ ያዝዘዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ገና በጀልባው ላይ ሳለ የነበረው ምርጫ ነው፤ በየትኛው ሰዓት፣ ከየት፣ ከማን ጋር እገባለሁ፣ ወይስ ዛሬ አልገባም? በውሃው ውስጥ ምርጫው እየጠበበ ይሄዳል፤ በጀልባው ላይ ግን ሰፊ ነበር።

ፈላስፎች በዚህ ጉዳይ ሁለት የታወቁ ምሳሌዎችን ትተዋል። የግሪኮቹ ኢስጦኢኮች ሰውን ከጋሪ ጋር በታሰረ ውሻ መሰሉት፤ ወዶ ቢከተል ከጋሪው ጋር ይሮጣል፣ እንቢ ቢል ይጎተታል፣ በሁለቱም መሄዱ አይቀርም። የቻይናው ዧንግ ዚ ደግሞ ዓሣ እንኳ በማይዋኝበት ፏፏቴ ውስጥ ስለ ገባ አንድ ሰው ይተርካል። ኮንፊሽየስ ሰውየው ሊሞት የገባ መስሎት ደቀ መዛሙርቱን እንዲያወጡት ቢልክ፣ ሰውየው ከታች በኩል እየዘፈነ ወጣ፤ ምስጢሩንም ሲጠየቅ የራሱን ፈቃድ ትቶ የውሃውን ጠባይ መከተሉን ነገረው። ሁለቱም ምሳሌዎች ለታመመ፣ ላዘነ ወይም ዕድሜው ለገፋ ሰው መልካም መጽናኛ ናቸው። ለሥራ ሰው ግን አይበቁም ብዬ አምናለሁ። ውሻው የሚመርጠው ነገር ቢኖር የራሱን ሕመም ብቻ ነው፤ የፏፏቴው ሰው ደግሞ ብቻውን ነበር፣ በእርሱ መዋኘት የሚጎዳም የሚሰበርም አልነበረም። እኛ ግን በምንወሰድበት ጊዜ በእጃችን ማኅተም ይዘናል።

ነገሩን ወደ ቤታችን ላምጣው። ሰኔ መጨረሻ ነው እንበል። ለአንድ ትምህርት ቤት 100 ዴስክ እንዲገባ ውል ታስሯል፤ የመጣው ግን 88 ነው። ነጋዴው «ቀሪው በሳምንት ውስጥ ይገባል» ይላል። ሒሳብ ክፍሉም እስከ ሰኔ 30 ያልተከፈለ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል እያለ ያጣድፋል። ዕቃው በሙሉ ገብቷል የሚል ሞዴል 19 ተዘጋጅቶ ከርክክብ ኮሚቴው አባላት ሁለቱ ፈርመዋል፤ ወረቀቱም ሦስተኛው ዘንድ ደረሰ። በዚህ ክፍል ውስጥ ሌባ የለም። ገንዘቡ ለትምህርት ቤቱ እንዳይጠፋ የሚያስቡ ሰዎች ናቸው። ሁሉም በአንድ ፍጥነት ስለሚሄዱም የሚንቀሳቀስ ነገር ያለ አይመስላቸውም። የማይንቀሳቀሰው ግንብ በመጋዘኑ ውስጥ ያለው ቁጥር ነው፤ 88። የቀሩት 12 ዴስኮች ሳይመጡ ቢቀሩ፣ በአንዱ ሦስት ልጅ ቢቀመጥ፣ በመስከረም 36 ልጆች መሬት ላይ ይቀመጣሉ።

ሕግ በዚህ ላይ የሚናገረው ከጠላቂዎቹ ደንብ ብዙ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣው የኑረምበርግ ችሎት ቻርተር፣ የበላይ ትእዛዝ ቅጣትን ሊያቀል ይችላል እንጂ ከኃላፊነት ነፃ አያወጣም ሲል ደነገገ። የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ የፈጸመውን የበታች ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ሆኖም በታዛዥነት ስሜት ተገፍቶ ላደረገው ዳኛው ቅጣቱን እንዲያቀልለት ፈቅዷል። ጅረቱ ይቆጠርለታል፤ ጣቶቹ ግን ይቆጠሩበታል ማለት ነው። ያ ሦስተኛ ሰው በትእዛዝ እንኳ ሳይሆን በጥድፊያና በይሉኝታ ብቻ የሚገፋ ስለ ሆነ፣ የሚቆጠርለት ከዚህም ያነሰ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ፣ «እንግዲህ ሁሉን መቃወም ነው የምትለን?» ብሎ ቢጠይቀኝ መልሴ አይደለም ነው። በየስብሰባው ሁሉን የሚቃወም ሰው ፊቱን አዙሮ ወደ ጅረቱ እንደሚዋኘው ጠላቂ ነው፤ አየሩን በጥቃቅኑ ይጨርስና በሚያስፈልግበት ቀን ድምፅ ያጥረዋል። አዋሽን የመሰለ ወንዝ በዋና የሚሻገር ሰው ምን ያደርጋል? ትይዩ ያለውን ዳር አነጣጥሮ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ከላይ ገባ ብሎ ይነሣና፣ ውሃው ወደ ታች እየወሰደው እርሱ አግድም እየዋኘ ከታች በኩል ይወጣል። በባሕር ዳርቻም ወደ ጥልቁ በሚጎትት ጅረት የተያዘ ሰው ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ ከጅረቱ እንዲወጣ ይመከራል፤ በቀጥታ ወደ ምድር የሚታገለው ደክሞ ሊሰጥም ይችላል። በመከተልና በመቃወም መካከል ይህ አግድም የሆነ መንገድ አለ፤ እኛ ግን እምብዛም አንጠቅሰውም። ሦስተኛው ፈራሚ «88 ገብቷል፣ 12 ይቀራል» ብሎ በሞዴሉ ላይ አስጽፎ፣ ለ88ቱ እንዲከፈል ቢፈርም፣ ስለ ቀሪውም ለኃላፊው በደብዳቤ ቢያስታውቅ፣ ሰኔ 30ን አላቆመም፤ ከማንም ጋር አልተጣላም፤ ሐሰትም አልጻፈም። ነጋዴው ያኮርፍ ይሆናል።

ጅረቱን ራሱን መለወጥ የዋናተኛ ሥራ አይደለም፤ የግድብ ሥራ ነው። በየክረምቱ ከዳሩ ይወጣ የነበረውን አዋሽን ቆቃ ላይ የገታው በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ነው፤ ያም ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ፣ በብዙ ሰው ድካም የተሠራ እንጂ የአንድ ጎበዝ ሥራ አይደለም። የበጀት ደንብ፣ የቁጥጥርና የኦዲት ሥርዓትም እንዲሁ በብዙዎች የሚገነባ ነው። ግድቡ እስኪሠራ ድረስ ግን ወንዙን የሚሻገሩ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚከብደኝ አንድ ነገር ይቀራል። ጠላቂው በጀልባ ላይ ሳለ መርጧል ብያለሁ፤ በጀልባ ላይ ያልነበረስ? በጅረቱ ውስጥ የተወለደ፣ መግቢያውን ማንም ያልጠየቀው ሰው አለ። የኮራልን አወላለድ ያነበብሁት ይህን እያሰብሁ ነው። የኮራል ጫጩት ከሰሊጥ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም፤ ለቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ለሳምንታት፣ ጅረቱ ወደ ወሰዳት ትሄዳለች፤ የመቃወም አቅም የላትም። ነገር ግን ወደ ታች ወርዳ ድንጋዩን ትመረምራለች፤ ካልተስማማት ትለቀውና ሌላ ትፈልጋለች፤ ከተስማማት ትጣበቃለች። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሁሉ ከዚያ ስፍራ አትነሣም፤ ግንቡም የሚሠራው እንዲሁ በተጣበቁት ነው። በደናክል በረሃ ደርቀው የቆሙትም በጅረት ገብተው፣ የተስማማቸውን ድንጋይ መርጠው የተጣበቁ ነበሩ፤ ባሕሩ የሸሸው እነርሱ ከተጣበቁ በኋላ ነው።