ባዶ ቤት ባለቤት የለውምን?

በአሜሪካ አገር፥ በኮሎራዶ ግዛት፥ ሜሳ ቨርዴ በተባለው ከፍተኛ ስፍራ፥ በገደል ወገብ ላይ ባለ ሰፊ ዋሻ ውስጥ ከድንጋይና ከጭቃ የታነጸ የጥንት መንደር ይገኛል። በኋላ ያዩት ሰዎች «የገደል ቤተ መንግሥት» ብለው ሰየሙት፤ ነገር ግን የንጉሥ አዳራሽ ሳይሆን፥ ከገደሉ አናት ላይ በቆሎ፥ ባቄላና ዱባ እየዘሩ ይኖሩ የነበሩ የፑዌብሎ ሕዝብ አባቶች መኖሪያ ነበር። 150 ያህል ክፍሎች፥ ኪቫ የሚባሉም ለሃይማኖት ሥርዓት የሚሰበሰቡባቸው 23 ቤቶች አሉት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1276 ዓ.ም. ጀምሮ ድርቅ ስለ ጸና፥ ሌላም ችግር ስለ ተጨመረ፥ ሕዝቡ 1300 ዓ.ም. ሳይደርስ ወደ ደቡብ ተሰደደ።

በ1888 ዓ.ም. ሁለት ከብት አርቢዎች መንደሩን አዩት፤ በ1891 ዓ.ም. ደግሞ ጉስታፍ ኖርደንስኪዮልድ የተባለ ወጣት የስዊድን ሰው በአካባቢው ያሉትን ፍርስራሾች ቆፍሮ፥ ዕቃውንና የሙታኑን ዐፅም ወደ አውሮፓ ላከ። ስለዚህ ነገር ቢያዝም፥ የሚከለክል ሕግ ባለመኖሩ ተለቀቀ። የጥንት ቅርሶችን የሚጠብቀው ሕግ የወጣው በ1906 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው፤ ሕግ ያልከለከለው ሁሉ የተገባ ነውን? ሰውየው ያየውን በጥንቃቄ መዝግቦ ለዕውቀት ማቆየቱን አንክድም፤ ዕውቀትንም አንነቅፍም። ዳሩ ግን ቤቱ ባዶ መሆኑ ባለቤት እንደሌለው አያስረዳም። የሆፒ፥ የዙኒና የሌሎችም የፑዌብሎ ወገኖች ልጆች በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ ዛሬም አሉ፤ የአባቶቻችን መንፈስ ከዚያ አልተለየም፥ ስፍራውም የተተወ አይደለም ይላሉ። ቆፋሪው ግን አልጠየቃቸውም።

ፊንላንድ ወደ ሄልሲንኪ ተወስዶ የነበረውን የ20 ያህል ሰዎች ዐፅምና 28 የመቃብር ዕቃዎች በ2020 ዓ.ም. መለሰች፤ በሜሳ ቨርዴም ዳግመኛ ተቀበሩ። ስለ አንድ መቃብር ክብር ከመቶ ዓመት በላይ መጠበቅ አስፈለገ።

እኛም በ1868 ዓ.ም. ከመቅደላ ስለ ተወሰዱት ታቦታት እስከ ዛሬ የምናዝን ሰዎች ነንና፥ ይህ ሐዘን የሌላውን ሐዘን እንድናውቅ ሊያስተምረን ይገባል። የራሱን ቅዱስ ነገር እንዲያከብሩለት እየጠየቀ የሌላውን አባት ዐፅም እንደ መጫወቻ የሚመለከት ሰው፥ ልመናው በምን አፍ ይሰማለታል?

ስለዚህ የጥንት ፍርስራሽ ለማየት የምንሄድ ሁሉ፥ በሌላ ሰው ደጅ እንደ ቆመ እንግዳ እንሁን። እንግዳ ሳይጠራ አይገባም፤ ግድግዳ አይደገፍም፤ የሸክላ ስባሪ እንኳ በኪሱ አይዝም። ጠባቂ ባይኖር ኅሊና ይጠብቀን፤ ሕግ የሚዘገይበት ጊዜ አለና፥ ኅሊና ግን ሊቀድም ይገባዋል።