የጎረቤት ገበና በመጽሐፍ ሲጻፍ

ሰው ያደገበትን የትንሽ ከተማ ገበና በመጽሐፍ ጽፎ ለዓለም ቢገልጥ፥ እውነትን መሰከረ ይባላልን ወይስ ጎረቤቱን አማ? ይህ ጥያቄ በሰሜን አሜሪካ ሰፊ ሜዳ ላይ ስላሉት ትንንሽ ከተሞች በተጻፉት ልብ ወለድ ታሪኮች ምክንያት ብዙ ጊዜ ተነሥቷል። ነገር ግን ጎረቤት ባለበት ሁሉ ሐሜት አለና፥ ጥያቄው የዚያ አገር ሰዎች ብቻ አይደለም።

ያ ሜዳ ፕሬሪ ይባላል፤ ዛፍ የማይበዛበት፥ ነፋስም የማይለየው የሣር አገር ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የቀድሞዎቹ ባለአገሮች ከተገፉ በኋላ፥ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ ከሩቅ የመጡ ሰዎች ምድሩን አርሰው ስንዴና በቆሎ ዘሩበት፤ በሐዲዱም ዳር ትንንሽ ከተሞች ተቈረቈሩ። እንዲህ ባለው ከተማ አንድ ዋና ጎዳና፥ የእህል ጎተራ፥ ባንክ፥ ትምህርት ቤትና አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው። ስለዚህ ሰው ከሰው ዓይን የሚሸሸግበት ስፍራ የለውም። የጎረቤት ዓይን ቤት ሲቃጠል ቀድሞ አይቶ ለርዳታ ይጠራል፤ ያው ዓይን ደግሞ በሌሊት የማን ደጅ እንደ ተከፈተ ይቈጥራል። የልብ ወለድ ጸሐፊው ያደገው በዚህ ዓይን ሥር ነው፤ የሥራውም መሣሪያ ይኸው ዓይን ነው።

በጸሐፊው ላይ የሚቀርበው ክስ ቀላል አይደለም። ጎረቤቱ ገበናውን ያሳየው ጎረቤትነትን አምኖ ነው እንጂ ይጻፍብኛል ብሎ አይደለም። የሰፈር ሐሜተኛ ቢያማው ነገሩ ከሰፈር አያልፍም፤ የታማውም ሰው ቆሞ ሊመልስ ይችላል። መጽሐፍ ግን ባሕር ይሻገራል፤ የታማው ሰው መልስ የሚሰጥበት ገጽ የለውም። ስሙን ለውጬዋለሁ ማለትም ብዙ አያድንም፤ የከተማው ሰው ማን እንደ ሆነ ያውቃልና። ከዚህም በላይ ጸሐፊው በዚሁ ነገር ገንዘብና ክብር ያገኝበታል።

ይህን ክስ ለመመርመር ሦስት መጻሕፍትን ማየት ይጠቅማል፤ ዘመኑም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ሲንክሌር ሉዊስ በ1885 በሚኒሶታ ግዛት ሶክ ሴንተር በምትባል ከተማ ከሐኪም አባት ተወለደ። በ1920 «ሜይን ስትሪት» ማለት ዋና ጎዳና የሚባለውን መጽሐፍ ባወጣ ጊዜ፥ ጎፈር ፕሬሪ ብሎ የሰየማት ከተማ የትውልድ ከተማው መልክ እንዳላት ታወቀ፤ የሶክ ሴንተርም ሰዎች ተቈጡ። በመጽሐፉ ውስጥ ፈርን ማሊንስ የምትባል ወጣት አስተማሪ አለች። ከአከራይዋ ልጅ ጋራ ወደ ጭፈራ ሄዳ ልጁ ሰክሮ በተመለሰ ጊዜ፥ በሃይማኖተኛነቷ የምትመካው ባልቴት እናቱ፥ ልጄን አሳተችብኝ ብላ በከተማው ሁሉ አወራችባት። ወሬው እንደ ፍርድ ተቈጠረና አስተማሪቱ ሥራዋን ትታ ከከተማ ወጣች። እንግዲህ በዚህ ነገር ዝም ቢባል፥ ዝምታው የሚሸፍነው ማንን ነው? የባልቴቲቱን ገበና ሸፍኖ የተገፋችውን በሜዳ ላይ ይጥላታል። ገበናን መሸፈን ደካማውን ሲያለብስ ምሕረት ነው፤ በዳዩን ሲያለብስ ግን የግፍ ተባባሪ መሆን ነው። ሉዊስ ደግሞ የከተማይቱን በጎነት አልካደም፤ የባለታሪኳን የካሮልን ባል፥ ሐኪሙን፥ በሌሊት ወደ ገበሬ ቤት ሄዶ በመብራት ቀዶ ሲያክም ያሳየናል። ይህን ትቶት ቢሆን ክሱ በጸናበት ነበር።

ዊላ ካተር በልጅነቷ በ1883 ወደ ኔብራስካ መጥታ በሬድ ክላውድ ከተማ አደገች። በ1918 ባወጣችው «ማይ አንቶኒያ» በሚባለው መጽሐፍ፥ ከቦሄሚያ የመጡ የስደተኞች ልጅ የሆነችው አንቶኒያ፥ ሊያገባት ቃል የገባላት ሰው ጥሏት ይሄድና ፀንሳ ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች። ለወሬ የሚበቃው ታሪክ እዚህ ላይ ያልቃል። መጽሐፉ ግን ሃያ ዓመት ጠብቆ እንደ ገና ይፈልጋታል፤ አግብታ፥ በብዙ ልጆች ተከባ፥ በተከለቻቸው የፍሬ ዛፎች መካከልም ያገኛታል። ሐሜት ከሰው ዕድሜ አንዲት ቀን ቈርጦ ያችን ቀን ስሙ ያደርጋታል። የሰውን ዕድሜ በሙሉ ይዞ የሚጽፍ ጸሐፊ ከሐሜተኛ የሚለይበት አንዱ ምልክት ይህ ነው።

ካናዳዊው ሲንክሌር ሮስ በ1941 ያወጣው መጽሐፍ ርእሱ ከመጽሐፈ ኢያሱ የተወሰደ ሲሆን፥ «እኔና ቤቴ ግን» ማለት ነው። በድርቅና በአቧራ ዘመን ሆራይዘን በምትባል ትንሽ ከተማ ያለ አንድ ሰባኪ፥ የሚሰብከውን ራሱ አያምንም፤ ሚስቱም የየቀኑን ነገር በማስታወሻዋ ትጽፋለች። የከተማይቱ ሱቆች ትልቅ መስለው እንዲታዩ በፊታቸው ከፍ ያለ የሳንቃ ግንብ ቆሞላቸዋል፤ ከኋላ ግን ዝቅተኛ ቤቶች ናቸው። ሴቲቱ የከተማውን ሰው ግብዝነት በብርቱ ትነቅፋለች፤ የራሷም ቤት እንደዚያ ሱቅ የሐሰት ፊት እንደ ቆመለት አንባቢ ቀስ በቀስ ያስተውላል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንደ ተባለው ነው። በመጨረሻም አንባቢ የከተማውን ሰው መፍረድ ትቶ የራሱን ቤት ፊት ለመመልከት ይገደዳል።

እንግዲህ ለተገፋው የሚቆም፥ የሰውን ዕድሜ በሙሉ የሚያይ፥ ራሱንም ከፍርዱ በታች የሚያደርግ ጸሐፊ ሐሜተኛ ሊባል አይገባውም። ሆኖም ዕዳው ጨርሶ አይሰረዝለትም። ሳይጠየቅ በመጽሐፍ የተጻፈ ሰው ቍስሉ እውነተኛ ነው፤ የጸሐፊው ቅን አሳብም አያድነውም። በዚህ ምክንያት ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት፥ ይህን ቃል በዚያ ሰው ፊት ቆሜ ማንበብ እችላለሁን ብሎ ራሱን መጠየቅ ይገባዋል።

ሉዊስ በ1930 ከአሜሪካውያን የመጀመሪያው የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ተሸላሚ ሆነ፤ በ1951 በሮም ሲሞት ዐመዱ ወደ ሶክ ሴንተር ተወስዶ ተቀበረ። ተቈጥታ የነበረችውም ከተማ ጎዳናዋን የመጀመሪያው ዋና ጎዳና ብላ በመጽሐፉ ስም ጠራችው። ይቅር ያለችው እውነቱን ተቀብላ ይሆን ወይስ ዝናው ጠቅሟት? ይህን የሚያሳይ የጎዳናው ስም አይደለም። በዚያ ጎዳና ወይም በሌላ፥ ዘመድ የሌላት አስተማሪ በሐሰት በተወራባት ቀን፥ ከጎረቤቶቿ ማን ወደ ደጅዋ እንደሚሄድ በማየት ይታወቃል።