ሸሸርንና ወላላን ጠጥተን ለጨረስን ሁሉ

እናንተ የፎገራን ሜዳ የምታርሱ፣ የምታከራዩ፣ በወረቀት የምትሸነሽኑ፣ ስሙ። ከወረታ የተጫነውን ሽንኩርት እየገዛን ዝም ያልነውም አብረን እንስማ።

ክረምቱ ሲወጣ ከሰሜን ዋልታ ዳርና ከሳይቤሪያ የተነሡ የውሃ ዳር ወፎች ጣና ሐይቅ ዳር ካለው ፎገራ ይደርሳሉ። ከመካከላቸው ክብደቷ ከ30 ግራም እምብዛም የማይበልጥ አለች። ይህች ፍጥረት በረሃ አቋርጣ መጥታ ጭቃው ውስጥ ትልና ነፍሳት ትለቅማለች፤ በበጋው መጨረሻ ስብ ካልያዘች የመመለሻውን መንገድ አትዘልቀውም። ስንቋን የምትይዘው የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ካጥለቀለቁት በኋላ በሚቀረው ውሃ ውስጥ ነው።

በደርግ ዘመን ፎገራ የገባው ሩዝ ወፏን አላጠፋትም። ሩዝ ውሃ ይወዳል፤ ወፍና ገበሬ በአንድ ማሳ መዋል ይችሉ ነበር። በደላችን ሌላ ነው። ሸሸርና ወላላ የተባሉትን ረግረጎች በሞተር ስበን ለሽንኩርት አጠጣን። ውሃው ፈቀቅ ባለ ቁጥር እግር በእግር ተከትለን አረስን፣ ደንገሉን ነቀልን፣ በመድኃኒት ርጭት ነፍሳቱን ፈጀን። እነዚያ ረግረጎች በክረምት አምባዛ የሚራባባቸው ነበሩ፤ የወፏን ማዕድ ስናነሣ የልጆቻችንንም ዓሣ አነሣን።

ድህነት ነው አትበሉኝ። ልጆቹን ሊያበላ ጥማዱን የሚያርሰውን አልከስም። የምከሰው ሞተር ደርድሮ የወል ውሃ የሚቸበችበውን፣ አይቶ ያለፈውንም ሹም ነው። አገራችን በአፍሪካና በዩራሲያ መካከል የሚመላለሱትን የውሃ ወፎች ለመጠበቅ የተደረገውን ስምምነት ተቀብላለች። ጣናም በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ፈርመን ከዳን! ነቢዩ ኤርምያስ ሕዝቡን ሲወቅስ ጊዜያቸውን በሚያውቁት ወፎች አሳፍሮታል፤ ያ ወቀሳ ዛሬ በእኛ ላይ ነው።

ንስሐ እንግባ። ደረት መድቃት ብቻውን ንስሐ አይሆንም፤ የቀማ ይመልስ። ከሁለቱ ረግረጎች ላይ ሞተር ይነሣ። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ውሃው ከማሳው ተጠርጎ አይፍሰስ፤ ከፊሉ እስኪደርቅ ይቆይ። ወፎቹ ባረፉበት ማሳ ላይ መድኃኒት አይረጭ። ደንገል የነቀለ መልሶ ይትከል። የወል የነበረው መሬት ለወሉ ይመለስ፤ ወሰኑም መጪው ክረምት ሳይገባ፣ ሽማግሌዎችና ካህናት ባሉበት፣ በችካል ይለይ።