የጠባቂ ዕዳ

በ2008 እ.ኤ.አ. ሰባት ዓመት የሞላት ልጄን ይዤ ከምኖርበት ከፎልስ ቸርች ተነሥቼ፣ ወንዙን ተሻግሬ፣ በዋሽንግተን ብሔራዊ መካነ አራዊት ካንዱላ የተባለውን ወጣት ዝሆን አሳየኋት። እናቱ ሻንቲ ከእርሱ በፊት ኩማሪ የምትባል ግልገል ወልዳ እንደነበረና፣ እርሷም በ1995 በ16 ወሯ እንደሞተች ነገርኳት።

«አባዬ፣ ማን ገደላት?»

«ማንም። በሽታ ነው» አልኳት። መልሱ እውነት ነበር፤ በቂ መሆኑን ግን እስከ ዛሬ እጠራጠራለሁ።

የገደላት ከሄርፒስ ወገን የሆነ ቫይረስ ነው። የወገኑን ጠባይ እኛም እናውቀዋለን፤ በልጅነት ጉድፍ ሆኖ የመጣው በነርቭ ውስጥ አድፍጦ ኖሮ፣ ዕድሜ ሲገፋ አልማዝ ባለጭራ ሆኖ ይመለሳል። የዝሆኑም ቫይረስ በትልልቆቹ አካል ውስጥ በጸጥታ ይኖርና አልፎ አልፎ ከኩምቢያቸው በሚወጣው ፈሳሽ ይተላለፋል። ከእናቷ ያገኘችው መከላከያ የተሟጠጠባት፣ የራሷንም ገና ያላዳበረች ግልገል ስትታመም ግን የደም ሥሮቿ የውስጥ ሽፋን ይፈርሳል፤ ደሟም ወደ ውስጥ ይፈሳል። ምልክቱ በታየ በጥቂት ቀናት፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ትሞታለች።

ጠባቂዎች የሚሰጡት ምላሽ አለ፤ ቫይረሱ በእስያም በአፍሪካም በዱር ዝሆኖች ላይ ተገኝቷል፤ ስለዚህ በሽታውን አጥሩ አልፈጠረውም። እቀበለዋለሁ። ነገር ግን ጥፋት አለመኖሩ ዕዳን ይሰርዛልን?

በአባቴ አገር ከብት በርቢ የተቀበለ ሰው፣ ከብቱ በበሽታ ቢሞትበት ቆዳውን ገፎ ለባለቤቱ ይወስድ ነበር። ቆዳው ከስርቆት ሐሜት ያነጻዋል፤ ከዚያም በላይ «አደራህ በእጄ ሳለ እንዲህ ሆነ» የሚል ቃል ነው። ዝሆኗን ግን ማንም አደራ አልሰጠንም፤ ራሳችን ወሰድናት። ሳይሰጡት የወሰዱት አደራ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ታዲያ ቆዳው ለማን ይቀርባል?

ለሚቀጥለው ግልገል ይመስለኛል። የኩማሪ አካል በመመርመሩ ላውራ ሪችማንና ባልደረቦቿ ቫይረሱን በ1999 ለዓለም አስታወቁ። ዛሬ ግልገሎች ደም መስጠትን ተለማምደው፣ ገና ሳይታመሙ ይመረመራሉ። በ2024 በሂውስተን መካነ አራዊት የመጀመሪያው የኤምአርኤንኤ ክትባት ለአንዲት ዝሆን ተሰጠ። ይህ ሁሉ አጥሩን አያጸድቅም፤ ቆዳ ያመጣ ሰው ከብቱን አልመለሰም።

እኔም በሐኪምነቴ ጥፋቴ ያልሆነ ሞት ለብዙ ቤተሰብ አርድቻለሁ። «የሚቻለው ሁሉ ተደርጓል» ብዬ፣ ጥያቄያቸውን ሳልሰማ ፈጥኜ የወጣሁባቸው ቀናት አሉ። ቃሌ ሐሰት አልነበረም፤ ቆዳውን ግን አላመጣሁም።

ልጄ ዛሬ መልሳ ብትጠይቀኝ፣ «ማንም አልገደላትም፤ የሞተችው ግን በእጃችን ነው» እላታለሁ።