ፍርዱ ለማን ነው?

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ማታ፣ በተማሪዎች መዝናኛ ክፍል የዘፈን ውድድር እናይ ነበር። ወንበር ያገኘ ተቀምጦ፣ ያላገኘ ግድግዳ ተደግፎ። አንድ ወጣት ወደ መድረኩ ወጣ። ኮቱ ትከሻው ላይ ይሰፋል፤ ጫማው ግን እንደ መስተዋት ተወልውሏል። ከየት እንደመጣ ሲጠይቁት ወረዳውንም ቀበሌውንም ጨምሮ ተናገረ፤ እዚያ ያሉት ሰዎች በሙሉ ዛሬ ቴሌቪዥን ፊት መቀመጣቸውን የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነበር።

የመረጠው ዘፈን በአምባሰል ቅኝት የተዜመ ነው። አጃቢ የለውም፤ መነሻ ድምፅ የሚሰጠው መሣሪያም የለም። ልቡ ይመታ ነበርና ከፍ አድርጎ ጀመረው። ይህን ስሕተት ያልሠራ ጀማሪ የለም። ሰው ሲፈራ ጉሮሮው ይጠባል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ድምፁም ሳያስበው ሽቅብ ይወጣል፤ ከላይ የጀመረ ሰው ደግሞ ዜማው ከፍ በሚልበት ቦታ መሄጃ ያጣል። ልጁም አጣ። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ድምፁ ተሰነጠቀ። ካሜራው ወዲያው ወደ ዳኞቹ ዞረ፤ አንደኛዋ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳ አቀርቅራለች። ያን ጊዜ ክፍላችን ተናጋ። ልብ በሉ፤ የሳቅነው ድምፁ ሲሰነጠቅ አይደለም፤ የዳኛዋን ፊት ስናይ ነው። መሳቅ እንደተፈቀደልን ካሜራው ነገረን።

እኔም ሳቅሁ። ሳቅሁ ብቻ ቢሆን ምንኛ በቀለለ! በማግስቱ ያችን ቁራጭ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ አገኘኋትና ለአራት ሰው ላክኋት። ከአራቱ አንዱ የዶርም ጓደኛዬ ነው፤ እኛ «መሪጌታ» የምንለው። መሪጌታ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ጎጃም ውስጥ የቆሎ ተማሪ ነበር። እንደ ሌሎቹ የሳቅ ምልክት አልላከልኝም። አንዲት መሥመር ጻፈልኝ፦ «ልጁ ምን አርጎህ ነው?»

«ኧረ ዝም ብሎ ቀልድ ነው» ብዬ ልመልስለት ጀምሬ ተውሁት። ምክንያቱም ምን እንዳስቀኝ ራሴን ስጠይቅ መልስ አጣሁ። ሰው ሲሳሳት ማየት ያስቃልን? እንግዲያው ጓደኛዬ ፈተና ሲወድቅ ለምን አልስቅም? የድምፁ መሰንጠቅ ነው ያሳቀኝ? በሽተኛ ሲያቃስት ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ማንም አይስቅም። እንግዲህ ሌላ ነገር አለ።

ብዙዎቻችሁ የምትሰጡትን መልስ አውቀዋለሁ፤ እኔም ለራሴ ሰጥቼው ነበር፦ «ወዶ ነው የገባበት። ማን ና አለው? ተመዝግቦ፣ ተሰልፎ፣ ፈርሞ ነው የወጣው።» ይህ መልስ ጥሩ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ይሳሳል። ልጁ የተስማማው ሊዳኝ ነው። ሊዳኝ የተስማማ ሰው መሳቂያ ለመሆን ተስማምቷል ማለት አይደለም። ችሎት የቀረበ ሰው ፍርዱን ይቀበላል፤ ጠበቃው ተነሥቶ አካሄዱን እያስመሰለ ቢቀልድበት ግን ያን አልፈረመበትም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደተጀመረበት አገር መሄድ ይበጃል። የዛሬዎቹ የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድሮች ሁሉ መልካቸውን የወረሱት በአመዛኙ እ.ኤ.አ. በ2001 እንግሊዝ ውስጥ ከተጀመረው ፖፕ አይዶልና ልጁ ከሆነው አሜሪካን አይዶል ነው። አሜሪካን አይዶል እ.ኤ.አ. በሰኔ 2002 ፎክስ በተባለው ጣቢያ ተጀመረ። ተመልካች እንደሚያየው አንድ ሰው ከመንገድ ተነሥቶ በቀጥታ ከሦስት ታዋቂ ዳኞች ፊት የሚቆም ይመስላል። እውነቱ ሌላ ነው። በእነዚያ ዓመታት በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች በስታዲዮም ይሰበሰቡ ነበር፤ አስቀድመው የሚሰሟቸው የዝግጅቱ ሠራተኞች ነበሩ። ከብዙዎቹ ጥቂቶቹ ብቻ «አልፋችኋል» ተብለው ወደ ታዋቂዎቹ ዳኞች ይቀርቡ ነበር።

እስቲ አንድ ጊዜ እዚህ ላይ እንቁም። ጥሩ የሚዘፍኑት ማለፋቸው ግልጽ ነው። በጣም መጥፎ የሚዘፍኑትስ ከማጣሪያው እንዴት አለፉ? ሠራተኞቹ ጆሮ ስለሌላቸው ነውን? በፍጹም። ያሳለፏቸው መጥፎ ስለዘፈኑ ነው። አንድ ሰው «አልፈሃል» ይባላል፤ ደስ ብሎት ለእናቱ ይደውላል፤ ያለፈው ግን እኛ እንድንስቅበት ነው። ይህ እንግዲህ ተራ ቀልድ አይደለም፤ ማታለል ነው። የተታለለው እርሱ ሲሆን የተታለለበት ምክንያት ደግሞ እኛ ነን። ሳቃችን ባይኖር ያንን «አልፈሃል» የሚለው አይኖርም ነበር።

ከእነዚያ መካከል በስም የሚታወቀው እንደ እኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ዊልያም ሁንግ ይባላል፤ ሆንግ ኮንግ የተወለደ፣ በካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምሕንድስና ይማር የነበረ። እ.ኤ.አ. በጥር 2004 በተላለፈው ዝግጅት ላይ የሪኪ ማርቲንን አንድ ዘፈን እየጨፈረ ዘፈነ። ሳይመን ካወል የተባለው ዳኛ አስቆመውና መዝፈንም መጨፈርም እንደማይችል ነገረው። ሁንግ የመለሰው አጭር ነበር፤ የሚችለውን ሁሉ አድርጓልና አንዳችም ጸጸት የለበትም። በዚያው ዓመት አልበም አወጣ፤ በየመድረኩ ተጠራ። ታዲያ ተጎዳ ወይስ ተጠቀመ? ገንዘቡን ለሚቆጥር ተጠቅሟል። ይሁንና ሕዝቡ የጠራው ሊሰማው ነበርን? በእስያ ተወላጅ ወንድ ላይ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ፌዝ ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ ብለው የተቆጡ የእስያ ተወላጅ አሜሪካውያን ነበሩ፤ እኔ ቁጣቸው ይገባኛል። ደግሞም ያ ልጅ ከዳኛው ይልቅ ጨዋ ሆኖ መውጣቱ የእርሱ ሥራ ነው፤ እኛን ነጻ አያወጣም።

«እሺ፣ ሱዛን ቦይልስ?» ትሉኝ ይሆናል። እርሷን ያላየ የለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 11 ቀን 2009 ብሪቴይንስ ጋት ታለንት በተባለው የእንግሊዞች ውድድር ላይ የቀረበች የስኮትላንድ ሴት ናት። ዕድሜዋ 47 መሆኑን ስትናገር፣ ታዋቂ ዘፋኝ መሆን እፈልጋለሁ ስትል፣ አዳራሹ ተንሾካሾከ፤ ካሜራውም ፊታቸውን የሚያጣምሙ ወጣቶችን መርጦ አሳየን። ከዚያ አፏን ከፈተች። ያ ሁሉ ሰው ከመቀመጫው ተነሣ። በመጨረሻው ዙር ሁለተኛ ወጣች፤ አንደኛ የወጣው ዳይቨርሲቲ የተባለው የጭፈራ ቡድን ነበር።

ይህን ታሪክ ሰዎች ሁልጊዜ የሚጠቅሱት «ሰውን በመልኩ አትፍረድ» ለማለት ነው። እኔ ግን ባሰብሁት ቁጥር ሌላ ነገር ይከነክነኛል። መልካም ድምፅ ባይኖራትስ? ያቺው ሴት፣ በዚያው ቀሚስ፣ በዚያው ዕድሜ፣ ልክ እንደ እኛ አምባሰሉ ልጅ ድምፅዋ ተሰንጥቆ ቢሆንስ? ያ ፊት ማጣመም ትክክል ነበር ይባል ነበርን? አዎን ይባል ነበር! ማንም አያፍርም ነበር። እንግዲያው በዚያች ሌሊት የታረመው ንቀታችን አይደለም፤ ግምታችን ብቻ ነው። አንዲት ሴት ክብር ለማግኘት እንዲያ መዝፈን ካለባት መዝፈን የማትችለዋ ምን ይዋጣት? ዓለም ደግሞ ያለ ጥርጥር በማትችለዋ የተሞላ ነው፤ እኔም ከነዚያ ወገን ነኝ።

ይህን ሁሉ ለመሪጌታ አወራሁለት። ከካፌ ወጥተን ወደ ዶርም ስንሄድ ነው። ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየ።

«የኔታ አይቆጡም ነበር?» አልሁት፤ «እናንተ ዜማ ቤት?»

«ይቆጡ እንጂ! አለንጋም ነበረ። ዜማው ሲጠፋኝ ‹መልስ!› ይላሉ፤ እመልሳለሁ። አሁንም ከጠፋኝ ‹ሂድና አጥና› ነው። በማግስቱ እዚያችው ቦታ ላይ ነኝ።»

«የምትማሩት ልጆችስ አይስቁም?»

«ሆዳቸውን ይዘው ነዋ!» አለና ራሱም ሳቀ። «ግን እኮ ከእኔ ቀጥሎ ተራው የእነርሱ ነው።»

አለንጋውን አላሞግስም፤ እርሱም አላሞገሰውም። ነገር ግን በዚህች አጭር መልስ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ስፈልገው የነበረውን አገኘሁ። የኔታ «መልስ!» ሲሉ ቃሉ የተነገረው ለዚያ ተማሪ ነው። ድጓውን እንዲይዝ፣ ነገ ቤተልሔም ወርዶ እንዲያስመሰክር፣ ግዕዙን ከዕዝሉ ከአራራዩ እንዲለይ። ቃሉ መራራ ቢሆንም አድራሻው የታወቀ ነው። የቴሌቪዥኑ ዳኛ ግን ልጁን እያየ የሚናገረው ለእኛ ነው። ለልጁ ቢሆን ኖሮ «ዝቅ አድርገህ ጀምረው» ይበቃ ነበር፤ ምናልባትም አምባሰሉ ይቃናለት ነበር። ይህ ግን አያስቅም፤ ስለዚህ አይነገርም። በሰው ፊት ላይ የተነገረ፣ ለሰውየው ግን ያልሆነ ፍርድ! ደብዳቤ በአንተ ስም መጥቶ ሌላ ሰው ሲያነበው እንደማለት ነው።

ሁለተኛው የተራ ነገር ነው። አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እዚያም ይሳቃል፣ እንዲያውም ከየትም ይልቅ። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይወረውራል፤ አዝማሪው ተቀብሎ፣ ማሲንቆውን እየገዘገዘ፣ በሰም ሸፍኖ በወርቁ መልሶ ይወጋዋል። የሳቀ ሁሉ ተሳቂ ሊሆን ተስማምቶ ነው የገባ። ያ ኮቱ የሰፋው ልጅ ግን ለእኛ መመለሻ የለውም። ቪዲዮዋ የምትቆረጠው ድምፁ ከተሰነጠቀበት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ፣ ምን ብሎ እንደወጣ የሰማ የለም። እኛ ደግሞ ጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ስማችንም ፊታችንም ሳይታወቅ፣ ለዘላለም ተራችን የማይደርስ ሆነን ተቀምጠናል።

አንድ ነገር እንዳይዛባብኝ። ለስላሳ ዳኛ ይምጣልን ማለቴ አይደለም። ልጁን ከቤቱ «ድምፅህ ወለላ ነው» ብሎ የሸኘ ዘመድ ካለ ከዳኞቹ ያልተናነሰ በድሎታል። መዋሸት አክብሮት አይደለም፤ ለማይችል ሰው በኀዘኔታ ድምፅ መስጠትም ያው ነው፤ «አንተን ከቁም ነገር አልቆጥርህም» ማለት ነው፤ ትንሽ ስኳር ተነስንሶበት። ውድድር ማየትም ኃጢአት ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐጊት ያሶ፣ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተሰቦች ልጅ፣ የስዴሮት ከተማ ወጣት፣ በእስራኤል ኮኻቭ ኖላድ ውድድር አሸነፈች። ያን ማታ ቴሌቪዥን ከበው የተቀመጡት የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች የሚሳቅበት ሰው ፍለጋ አልተቀመጡም። ልጃቸው ስትዘፍን እያንዳንዷን ድምፅ አብረው ተንፍሰዋታል ብዬ አስባለሁ። እንዲህም ማየት ይቻላል። ብቻ እንዲህ ለማየት የዘፋኙ ነገር የአንተ ነገር መሆን አለበት፤ ይህን ደግሞ ማንም ካሜራ አያደርግልህም።

የመጀመሪያዋን ሳቅ ይቅርታ ላድርግላት፤ ሳታስብ ታመልጣለች። ሁለተኛዋን ግን ምን ላድርጋት? ቪዲዮዋን ፈልጌ ያገኘሁት፣ ደግሜ ያየሁት፣ አራት ስም መርጬ የላክሁት እጄ አምልጦኝ አይደለም። አጥፍቻታለሁ፤ ከእኔ ስልክ ማለቴ ነው። ከቀሩት ሦስቱ አንዱ ወዲያው ለክፍሉ ግሩፕ አስተላልፎት ነበርና ትናንት ራሱ አንድ የማላውቀው ልጅ ላይብረሪ በር ላይ ያን የተሰነጠቀ ስንኝ እያስመሰለ ሲያልፍ ሰማሁት።

ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ተሰብስበን ነበር። ውድድሩ ገና እንደተጀመረ መብራት ጠፋ። ትንሽ ጠበቅን፤ አልመጣም። አንዱ ከጨለማው ውስጥ «በቃ እኛው እንዝፈና!» አለ። ሁሉም ሳቀ፣ ማንም አልጀመረም። ከጥጉ የመሪጌታ ድምፅ መጣ፦ «ያ ቪዲዮ ላኪው ይጀምር።»

እምቢ ብል ይሻል ነበር። ተነሣሁ። ያችኑ የአምባሰል ዘፈን ነው የጀመርሁት፤ ሌላ አልመጣልኝም። አፌን ስከፍት ከፍ ማድረጌ ታወቀኝ፤ ዝቅ ላድርግ ብል እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቀረሁ። ክፍሉ አወካ፣ ወንበር ተደበደበ፣ አንዱ እንደ ፍየል አለቀሰልኝ። ፊቴ ነደደ። መሪጌታ ግን በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል «ዝቅ አድርገህ፣ ከታች አንሣው» ሲል ሰማሁት፤ መነሻውንም በቀስታ አወጣልኝ። ያን ይዤ እንደምንም ሦስተኛውን ስንኝ አለፍሁ። ስቀመጥ አጠገቤ ያለው ልጅ ገና እየሳቀ ነበር።

«ቀጣይ!» አልሁት፣ ክርኑን ይዤ።